አሻ ያየችው ጎፈሬ

ኢንስፔክተር ማንአልሞሽ ሦስት ቀን ባቲ ላይ የግመል ስርቆት ስትመረምር ከርማ፣ ረቡዕ ጠዋት ከሚሴ መናኸሪያ ስትደርስ ያማራት እግሯን በሞቀ ውኃ ነክራ መተኛት ብቻ ነበር። ከሚኒባሱ ስትወርድ ግን ኮንስታብል ይበልጣል ዣንጥላ ይዞ ቆሞ አየችው። ይበልጣል ዣንጥላ ይዞ ከጠበቀ መልካም ወሬ እንደሌለ ታውቃለች።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ሀጂ ሙሀመድኑር። ቦርከና ዳር ያሉት ሽማግሌ። ሰኞ አመሻሽ ላይ ቤታቸው ውስጥ በዘነዘና ተመትተው ተገኙ። ትናንት ተቀበሩ። ገዳዩም ተይዟል።»

«ከተያዘ እኔን ምን ትፈልጉኛላችሁ?»

ይበልጣል ዣንጥላውን ወደ እሷ አዘነበለ። «እናቱ ከጣቢያው በር አልነሣም ብላለች። ደግሞ ምስክሯም እሷው ናት።»

ማንአልሞሽ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ለልጇ የምትዋሽ እናት ብዙ አይታለች። በልጇ ላይ የምትመሰክር ግን አላጋጠማትም።

አሻ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል። ከጨፋ ሸለቆ ወደ ከተማ ወተት የምታመላልስ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ሴት ናት። ሻሿ በዝናብ ርሷል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር እቅፏ ውስጥ ይዛለች።

«አካም ቡልቴ፣ እትዬ አሻ?» አለች ማንአልሞሽ።

«ነጋ» ብላ መለሰች አሻ። ሰላም ነው ማለቷ ነበር፤ አፏ በልማዱ ተናገረው። ወዲያው ግን የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። «ቃሌን መልሱልኝ። የሰጠኋችሁን ቃል መልሱልኝና ልጄን ስጡኝ። ነገ ፍርድ ቤት ሊወስዱት ነው አሉ። እዚያ ከሄደ መች ይመለሳል?»

«ቃል አይመለስም፤ እንደገና መስማት ግን ይቻላል። ሰኞ ያዩትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

አሻ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ከትምህርት እየተመለስኩ ነው። ሰኞ ሰኞና ሐሙስ ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ እኛን ትልልቆቹን ያስተምሩናል። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። የሀጂ ቤት የኋላ በር ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ። ጀርባውን ነው ያየሁት። ሽርጥ አገልድሟል፤ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሟል፤ ራሱ ጎፈሬ ነው፣ ይህን የሚያህል። ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ማሽላ ገባ።»

«ምን ያህል ይርቅ ነበር?»

«ከዚህ እስከዚያ ዋርካ።»

ማንአልሞሽ ዋርካውን አየች። ስልሳ ርምጃ ይሆናል።

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ፖሊሶች ቤት ለቤት እየጠየቁ መጡ። ጎፈሬ ሰው አየሁ አልኳቸው። ጻፉት። አውራ ጣቴን ሊያስነኩኝ ሲሉ፣ አይሆንም፣ ስሜን መጻፍ እችላለሁ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር! ወደ ቤቴ ስሄድ ልጄን ካሚልን የፊጥኝ አስረው ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።»

«ካሚል ጎፈሬ ነው?»

«የከተማው ሰዎች ጎፈሬ ይሉታል። እኛ ቤት ደበሳ ነው የሚባል። ጎረምሳ ሲደርስ ያሳድገዋል፤ ቅቤ ያጠጣዋል፤ ክብሩ ነው። ወተት ስሰጣቸው፣ ያ ጎፈሬ ልጅሽ እንዴት ነው ይሉኛል። እስቃለሁ እንጂ ደስ አይለኝም። እኔ ጎፈሬ ብዬ የምጠራ የማላውቀውን ሰው ነው። ልጄን ባይ፣ ልጄን አየሁ አልልም ነበር? ወይም ዝም አልልም ነበር?»

«ምናልባት ከርቀቱ የተነሣ አላወቁት ይሆናል።»

«ልጄን በአካሄዱ አውቀዋለሁ። ካሚል ረጅም ርምጃ ነው የሚራመድ፤ ከብት የሚከተል ሰው ርምጃ። ያ ሰው ግን ጭቃውን እየመረጠ፣ እንዲህ፣ እንደ ዶሮ ነበር የሚሄድ። ይህንንም ነግሬአቸዋለሁ። ልጅዋን ልታስጥል ነው ብለው አልጻፉትም።»

ማንአልሞሽ የማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ጻፈችው። አሻ ብዕሩን በዓይኗ ተከተለች፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ይመስል ነበር።

ካሚል ከእስር ክፍሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጉልበቶቹን አቅፎ ተቀምጧል። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው። ጸጉሩ ከግድግዳው እንዳይነካ አንገቱን ወደ ፊት ሰበር አድርጎታል። ዓይኖቹ ደም መስለዋል። ወለሉ ላይ ምንጣፍና በጆንያ የተሰፋ ትራስ አለ፤ የተኛበት ግን አይመስልም።

የጣቢያው ዘብ ኃላፊ አብሯት ቆሟል። «ከሰዓት እንላጨዋለን። ቅማል ይኖረዋል» አላት።

«እኔ ሳልፈቅድ አንዲት ጸጉሩ እንዳትነካ» አለች። ከካሚል የተወሰደው ዕቃ የተመዘገበበትን ወረቀት አነበበች። ዱላ አንድ፣ ሚዶ አንድ፣ ብርኩማ አንድ፣ ሞባይል አንድ።

«ሰኞ አመሻሽ የት ነበርክ?» ብላ ጠየቀችው።

«ቦርከና ማዶ፣ ከከብቶቼ ጋር።»

«ማን አየህ?»

«ከብቶቹ።»

«ከብት ቃል አይሰጥም።»

«ሰው ሰጠ ብለው ነው እኮ ያሰሩኝ። ከብት ይሻላል።»

ማንአልሞሽ ልትስቅ ትንሽ ቀራት። «ሀጂ ሙሀመድኑር ልጃቸውን ዙቤይዳን ከለከሉህ ይባላል።»

«አልከለከሉኝም። ጎፈሬህን ተላጭና ና፣ ያኔ እሰጥሃለሁ አሉኝ፤ ያውም ገበያ መካከል። ሰው ሳቀብኝ። ተቆጥቼ ሄድኩ፤ እውነት ነው። በሦስተኛው ቀን ሰው ላኩብኝ። ሐሙስ ከሽማግሌዎቹ ስብሰባ በኋላ ና፣ እንነጋገራለን አሉ።»

«የምን ስብሰባ?»

«የግጦሹ። ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ የሁላችን የከብት ማሰማሪያ ነበር። ግማሹን የወንድማቸው ልጅ ሲራጅ፣ ግማሹን ጎረቤታቸው አቶ ይግዛው አጥረውታል። በጋ ሽንኩርት፣ ክረምት ማሽላ ይዘሩበታል። የድንበሩ ድንጋይ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ከሀጂ ሌላ በሕይወት የለም። ሐሙስ ሊመሰክሩልን ነበር። እኔ እሳቸውን ገድዬ ምን አተርፋለሁ?» ድካም ድምፁን ቆረጠው። «ማን እንዳየኝ እንኳ አይነግሩኝም። ብርኩማዬን ይመልሱልኝ ዘንድ ይንገሩልኝ።»

«እንጨት ነው፤ ሰው ይመታበታል» አለ ዘቡ።

ማንአልሞሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ለዘቡ መለሰችለት። ከመውጣቷ በፊት ግን ያንን የጆንያ ትራስ ዞር ብላ አየችው።

የሀጂ ሙሀመድኑር ግቢ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ዙቤይዳ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ ኢንስፔክተሯን ወደ አባቷ ክፍል አስገባቻት። አባቷ የወደቁበት ቦታ በመስኮቱ ሥር፣ ከአንዲት የመቀመጫ ዱካ አጠገብ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ባለው ግድግዳ በኩል የእንግዳ መኝታ የሚሆን የጭቃ መደብ አለ። መደቡ ላይ ነጭ ልብስ የለበሰ ትራስ ተቀምጧል፤ መካከሉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው የቅቤ እድፍ ይታያል። ከትራሱ አጠገብ የእንጨት ሚዶ ወድቋል።

«ምንም አልነካንም። ፖሊሶቹ አትንኩ ብለውናል። ካሚል መደቡ ላይ ጋደም ብሎ አባዬን ሲለምን ቆይቶ፣ እምቢ ሲሉት መታቸው ነው የሚሉት» አለች ዙቤይዳ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኢን ቤኩ፣ አላውቅም። ከዙህር ሶላት በኋላ ጓደኛዬን ፊርደውስን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ አራስ ናት። ስመለስ...» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ማንአልሞሽ ትራሱን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ረጅም ጊዜ አሸተተችው። መልሳ አስቀመጠችውና ሚዶውን አነሣች፤ ጣቷን በጥርሶቹ መካከል አሳልፋ ጣቷን ተመለከተች። ቀጥሎ ወለሉን አየች። ለሶላት ፊት ከሚዞርበት የቂብላ ግድግዳ ሥር አንድ ቦታ ከሌላው ወለል ነጣ ብሎ ይታያል።

«እዚህ ምን ነበር?»

ዙቤይዳ ደነገጠች። «የአባዬ አጎዛ! የሚሰግዱበት። ጥቁር የበግ አጎዛ ነበር፤ ጸጉሩ ረጅም። ማን አነሣው? በግርግሩ አላየሁትም።»

«ሰኞ ስትመለሺ ከቦታው የተነካ ሌላ ነገር አልነበረም?»

«ማዕድ ቤት የቅቤው ማሰሮ ተከፍቶ ነበር። እኛ በማንኪያ ነው የምንወስደው፤ በጣት ተዝቆ አገኘሁት። ከለቀስተኛው አንዱ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ካሚልን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

ዙቤይዳ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት። «ካሚል» አለች ቀስ ብላ። «ሌላ ምን እለዋለሁ?»

ጎረቤቱ ይግዛው አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ የእህል ነጋዴ ነው። ዛሬ ግን ጨዋታው ቶሎ ቶሎ ያልቅበታል።

«ዞረው ዞረው ወደ እኔ መጡ?» አላት። «ይምጡ፤ ይቀመጡ። ሰኞ ሱቄ ነበርኩ፤ ሰውም አይቶኛል። ግን ሱቁ ከቤቱ ሁለት ርምጃ ስለሆነ ምስክር አይሆነኝም፤ አይደል?»

«አይሆንዎትም። ሀጂ ቢመሰክሩ መሬቱ ይወሰድብዎት ነበር።»

«ይወሰዳ! የእኔ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። የዘንድሮን ማሽላ ካነሣሁ አጥሬን አፈርሳለሁ ብዬ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቻለሁ፤ ይጠይቋቸው። ሀጂ ጎረቤቴ ናቸው። ልጄ ሲታመም በሌሊት የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ያ ጎፈሬ ይህን ያደርጋል አላልኩም ነበር።»

«ጎፈሬ የሚሉት ማንን ነው?»

«ጸጉሩን የማይቆረጥ ሁሉ ጎፈሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው የእኔ ልጅ እንኳ አሳድጎት፣ ሚስቴ በስልክ ጎፈሬው ልጄ ትለዋለች። ሲወዱትም ሲጠሉትም ይሉታል።»

«እስቲ ሌላ ልጠይቅዎት። ቅቤ የምትገዙት ከማን ነው?»

«በፍልሰታ ቅቤ ይጠየቃል እንዴ? ከነሐሴ አንድ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሽታው የለም። ሚስቴ ማሰሮውን አጥባ ደፍታዋለች። እኔን ገዳይ በሉኝ፤ ጾም ገዳፊ ግን አትበሉኝ።»

ሲራጅን ያገኘችው ድንኳኑ አጠገብ እንግዳ ሲያስተናግድ ነው። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ራሱን ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ነጭ ነው። ከአጎቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይዞ ይኖራል።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ መጡልን» አላት፤ ለክርስቲያን እንደሚባለው።

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«ጨፋ ሮቢት። ማዳበሪያ ፍለጋ። ፀሐይ ጠልቃ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በባጃጅ ተመለስኩ። ጩኸት ሰምቼ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት።»

«ማዳበሪያውን አገኙ?»

«አልቋል አሉኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ያደክምዎታል፣ ኢንስፔክተር? የዚያ ጎፈሬ ሥራ ነው። ትራሱን አላዩትም? በቅቤ አበስብሶት ሄዷል። ጎፈሬ የገባበት ቤት ምልክቱ ይኸው ነው።»

«ጎፈሬ ምን ማለት ነው?»

ሲራጅ ሳቀ፤ የለቀስተኛ ሳቅ አልነበረም። «ጸጉርና ቅቤ። ከሥሩ ምንም የለም።»

እስከ ግቢው በር ሸኛት። መንገዱ በጭቃ ተሞልቷል። ማንአልሞሽ ጫማዋ በገባበት ይግባ ብላ ሄደች። ሲራጅ ደግሞ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ፣ ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ተከተላት። እሷም ዞር ብላ አላየችውም፤ የእግሩ ድምፅ በቂ ነበር።

ያን ዕለት ለይበልጣል ሁለት ትእዛዝ ሰጠችው። ሁለተኛውን ሲሰማ «ፈቃድ ያስፈልገዋል» አላት። «ፈቃዱን አምጣ» አለችው፤ ጠረጴዛው ላይ ራሷን ደፍታ ለትንሽ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት፣ ካሚል ፍርድ ቤት ከመቅረቡ አስቀድሞ፣ ሁሉም በሀጂ ሙሀመድኑር ክፍል ተሰበሰቡ። ዙቤይዳ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ይግዛው ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሲራጅ መስኮቱን ተደግፏል። አሻ ጥግ ይዛ፣ ልጇ እስኪገባ በሩን ብቻ ታያለች። ካሚል እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊስ መካከል ሲገባ «ኢልመ ኮ!» ብላ ተነሣች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ፖሊሱ አስቀመጣት።

ይበልጣል ግን አልነበረም።

ማንአልሞሽ ከቦርሳዋ አንድ ከእንጨት የተጠረበ፣ እግሩ ጠባብ፣ ላዩ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ነገር አወጣች። ስንዝር ቢሆን ነው ቁመቱ። «ይህ ያንተ ነው?»

«ብርኩማዬ» አለ ካሚል።

«መደቡ ላይ ወጥተህ ተኛ።»

«አሁን?»

«አሁን። እንደ ቤትህ።»

ካሚል ግራ ተጋብቶ እናቱን አየ። ከዚያ መደቡ ላይ ወጣ። ነጩን ትራስ በታሰረ እጁ ገፋ አድርጎ ብርኩማውን አስቀመጠ፤ ማጅራቱን በጎበጠው እንጨት ላይ አሳረፈ። ጎፈሬው ከኋላ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መደቡንም ግድግዳውንም አልነካም።

«አያችሁ?» አለች ማንአልሞሽ። «ቅቤ የጠጣ ጎፈሬ በጨርቅ ትራስ አይተኛም። ከተኛ ይጨፈለቃል፤ የወር ድካሙ በአንድ እንቅልፍ ይጠፋል። ስለዚህ ብርኩማውን የትም ይዞ ይዞራል። ይህ ልጅ ጣቢያ ውስጥ ትራስ ተሰጥቶት ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ ነው ያነጋው። ጸጉሩ እንዳይበላሽ በእስር ቤት ያልተኛ ሰው፣ እዚህ ለመለመን መጥቶ ራሱን ትራስ ላይ ጥሎ ያበላሻል?»

ከመደቡ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ካሚል ያንኮራፋ ነበር።

«በስመ አብ! ተኛ እኮ!» አለ ይግዛው።

አንዱ ፖሊስ ሊቀሰቅሰው እጁን ዘረጋ። «ተወው!» አለች አሻ። ያን ያህል ቆጣ ብላ መናገሯ ለራሷም ገረማት። «ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለሞትም ቢሆን ተኝቶ ይሂድ።»

«ተወው» አለች ማንአልሞሽም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በለሆሳስ ሆነ።

ትራሱን አንሥታ ለአሻ ሰጠቻት። «እትዬ አሻ፣ ቅቤ ያውቃሉ። ያሽትቱልኝ።»

አሻ አሸተተች። ፊቷን አኮማተረች። እንደገና አሸተተች። «ኮሰረት አለው። ኮረሪማም አለው። ይህ የወጥ ቅቤ ነው! የነጠረ። ይህን ራሱ ላይ ማን ይቀባል? ሲቀልጥ ወርዶ ዓይኑን ያቃጥለው የለም እንዴ? ለራስ የሚሆን ለጋ ቅቤ ነው። ለካሚል የምንጠው እኔው ነኝ።»

ዙቤይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ማሰሮው...»

«አዎ፤ በጣት የተዛቀው ማሰሮ» አለች ማንአልሞሽ። «ሚዶውም እንዲሁ ነው። ቅቤ የለበሰ ጸጉር የሚያበጥር ሚዶ ጥርሱ ይወዛል። ይህ ግን ደረቅ፣ አዲስ ነው። የካሚል ሚዶ ሲያዝ ጎፈሬው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ጣቢያው መዝግቦታል። ማንም ሁለት ሚዶ ተሸክሞ አይሄድም። እንግዲህ ካሚል እዚህ አልነበረም። አንድ ሰው ግን እዚህ የነበረ እንዲመስል ለፍቷል። ማን ነው?»

ሲራጅ ክንዱን አጣጠፈ። «እሷ አይታዋለች እኮ። ያየች ሴት እዚህ ቁጭ ብላለች።»

«እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ቅቤው። ዙቤይዳ አይደለችም። ራሷን የምትቀባ፣ ወጥ የምትሠራ ሴት ሁለቱን ቅቤ አታምታታም። አቶ ይግዛውም አይደሉም። ቤታቸው ከነሐሴ አንድ ወዲህ ቅቤ አልገባም፤ የዚህንም ቤት ማዕድ ቤት አያውቁትም። የሀጂ ቤት ቅቤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ ግን ቅቤ ሲነጠር ቆሞ አይቶ የማያውቅ ወንድ ነው። ከዚያ ማሰሮ የተሠራ ወጥ ሲቀርብለት የሚበላ ሰው። ራሱን ስለሚላጭ ደግሞ የጸጉር ቅቤ ነክቶ አያውቅም።»

ሁሉም ዓይን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እኔ ጨፋ ሮቢት ነበርኩ» አለ ሲራጅ።

«ሰኞ ጨፋ ሮቢት ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው መጋዘን ዝግ ነበር። ኮንስታብል ይበልጣል ትናንት ሄዶ ጠይቋል። አልቋል ብሎ የሚነግርዎት ሰው አልነበረም።» ማንአልሞሽ ወደ አሻ ዞረች። «ትናንት ጎፈሬ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉንም ጠየቅሁ። አቶ ይግዛው ልጃቸውን አስታወሱ። እትዬ አሻ ክብር ነው አሉኝ። ዙቤይዳ በስሙ ነው የምጠራው አለችኝ። አቶ ሲራጅ ግን ጸጉርና ቅቤ፣ ከሥሩ ምንም የለም አሉኝ። እዚህ ክፍል ውስጥም የተቀመጠልን ያ ነው። ሚዶ አለ፤ ቅቤ አለ። ሰውየው የለም። ጎፈሬ ያለው ሰው እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚቀባ፣ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚራመድ ጠይቀው አያውቁም።»

«ጸጉሩስ?» አለች አሻ። «ጎፈሬውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እህቴ። አልዋሸሁም።»

«አልዋሹም።»

በሩ ተንኳኳ። ይበልጣል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ፤ በእጁ ጆንያ ይዟል። «የአቶ ሲራጅ የውኃ ሞተር ቤት ውስጥ፣ ከሞተሩ ሥር» አለ። «ክረምት ስለሆነ ሞተሩ ቆሟል። ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ በፈቃድ ሰብረን ገባን።»

ከጆንያው ውስጥ ጥቁር፣ ጸጉሩ ረጅም አጎዛ አወጣ። ዳርና ዳሩ ተበስቶ ሲባጎ ገብቶበታል፤ ራስ ላይ ተደፍቶ አገጭ ሥር እንዲታሰር። ዙቤይዳ ተቀበለችውና ገለበጠችው። አጎዛው ላይ ሁለት ቦታ ጸጉሩ ተበልቶ ቆዳው ይታያል።

«ጉልበታቸው ነው» አለች። «የአባዬ ጉልበት ያረፈበት ነው።» አጎዛውን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሲራጅ አጎዛውን አላየም። የሚያየው ወንዙንና በመስኮቱ በኩል የሚታየውን የማሽላ እርሻ ነበር። «ስድስት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ድንጋይ ለቅሜ፣ ቦይ ቆፍሬ... እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አላስታውስም በሏቸው አልኳቸው። ሽማግሌ ቢረሳ ማን ይፈርድበታል? ድንጋዩ የት እንዳለ እያወቅሁ እንዴት ዝም እላለሁ አሉኝ።»

«እኔስ?» አለች አሻ። «ለምን በእኔ?»

ሲራጅ ዓይኑን ከማሽላው አልነቀለም። ማንአልሞሽ መለሰችላት። «ምስክር ያስፈልገው ነበር። ሰኞ በዚያ ሰዓት ከትምህርት እንደሚመለሱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እስኪያልፉ ጠብቆ ነው በሩን የከፈተው።»

ፖሊሶቹ የካሚልን ካቴና ፈትተው ሲራጅ እጅ ላይ አጠለቁት። ካሚል ዞር አለ፤ አልነቃም። ይግዛው ከዱካው ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለ።

ካሚልን የቀሰቀሰችው እናቱ ናት። ሲነቃ ሌላው ሰው ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። ማንአልሞሽ በሩ ላይ ቆማ የመፈቻ ወረቀት አስፈረመችው፤ የገዳዩን ስም ነገረችው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተናገረችም። ስለ እናቱ ምስክርነት ለመንገር ሥልጣኑ የእሷ እንዳልሆነ ተሰማት። ደግሞም ደክሟት ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ሸለቆው የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ካሚል ብርኩማውን በእጁ ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል፤ አሻ ጭቃው እየያዛት ከኋላው ታዘግማለች። ቦርከና ከሩቅ ታየ።

«እማ» አለ ካሚል ሳይዞር። «ሰው አይቶሃል ነበር የሚሉኝ። ጎፈሬ አየሁ ብሎ የፈረመ ሰው አለ አሉ። ማን ነው?»

አሻ ቆመች። ኢንስፔክተሯ አልነገረችውም። ዙቤይዳም ዛሬ አትነግረውም። ዝም ብትል ምናልባት ዓመት ሳያውቅ ይኖራል። ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያየሁትን ነው የነገርኳቸው። አንተን ይወስዱብኛል አላልኩም።»

ካሚል ዞሮ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ወንዙ መልሶ በዚያ ረጅም ርምጃው ሄደ። አሻ ልትከተለው ሞከረች፤ አልቻለችም። በመካከላቸው ያለው መንገድ እየሰፋ መጣ፤ ሃያ ርምጃ፣ ሠላሳ ርምጃ።

የማሽላው አጥር ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። አልቆመም፤ ወደ ኋላም አልዞረም። እናቱ እስክትደርስበት ድረስ ግን ርምጃውን አሳጥሮ፣ በእሷ ልክ ይሄድ ጀመር።